«ዘ ሲክስዝ ሴንስ»ን ምስጢሩን እያወቁ ዳግም ለማየት

ይህ መመሪያ «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» የተባለውን ፊልም ከብዙ ዓመታት በፊት አይተው፣ መጨረሻውን ስለሚያውቁት ብቻ ዳግም ለማየት ላልተነሡ ሰዎች የተጻፈ ነው። ከዚህ በታች መጨረሻው በግልጽ ስለሚነገር፣ ፊልሙን ጨርሶ ያላየ አንባቢ እዚህ ላይ ቆሞ አስቀድሞ ቢያየውና ኋላ ቢመለስ ይሻለዋል፤ የመጀመሪያው እይታ አንዴ ከተበላሸ አይተካምና።

ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው ኦገስት 6 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ነው። ጽፎ ያዘጋጀው በሕንድ ተወልዶ በፊላደልፊያ አቅራቢያ ያደገው ኤም. ናይት ሺያማላን ሲሆን፣ ዕለቱ እሱ ራሱ 29 ዓመት የሞላበት የልደት ቀኑ ነበር። ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ይህ ሥራ በመላው ዓለም ከ670 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ለስድስት የኦስካር ሽልማቶችም ታጭቶ ነበር፣ አንዱንም ባያገኝም። ማልኮም የተባለ የሕፃናት የሥነ ልቦና ሐኪም፣ በብሩስ ዊሊስ ተወክሎ፣ ሙታንን የሚያየውን የ9 ዓመቱን ኮልን ለመርዳት ሲጥር እናያለን። ሄሊ ጆኤል ኦስመንት የተወነው ይህ ልጅ ምስጢሩን መጀመሪያ የሚያካፍለው ለዚህ ሐኪም ነው። ወደ ማብቂያው ግን ሐኪሙ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በተተኮሰበት ጥይት ሞቶ እንደነበረ ይገለጣል።

ይህ ግልጠት ለፊልሙ ዝናም ዕዳም ሆኖበታል። «መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ምን ሊታይ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ እኔም ረዘም ላለ ጊዜ እንደዚሁ አስብ ነበር። አሁን የማምነው ግን ምስጢሩ ትኩረታችንን ሁሉ ወስዶ የፊልሙን ዋና ታሪክ፣ ማለትም የአንዲት እናትና የልጇን ታሪክ፣ እንደጋረደብን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው አካሄድም በመጀመሪያ ምስጢሩን በአግባቡ መርምሮ ከመንገድ ማንሣትን፣ ከዚያም ወደ እናትየዋ መዞርን የሚከተል ነው።

ፊልሙን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ወረቀት ይውሰዱና ከፊልሙ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉ። ሥራውን ቀላል አድርገው አይዩት። ምን ትዕይንት እንደሚያስታውሱ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ ምን እንዳለ፣ የፈሩት የት ላይ እንደሆነ ሳይዋሹና ከማንም ሳይጠይቁ ያስፍሩ። አሮጌ ፊልም ዕድሜውን መቋቋም አለመቋቋሙን ለመመዘን ስንነሣ ብዙ ጊዜ የምንመዝነው ፊልሙን ሳይሆን ትዝታችንን ስለሆነ፣ ሁለቱን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። እኔ ወረቀቴ ላይ ልጁ ሙታንን እንደሚያይ የሚናገረው ገና ከመነሻው እንደሆነ ጽፌ ነበር፤ በእርግጥ ግን ያ ንግግር የሚመጣው ከፊልሙ እኩሌታ አካባቢ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ነው። ስለ እናቱ የጻፍኩት ደግሞ ከአንድ መስመር አይበልጥም ነበር፤ «የደከማት ሴት» ይላል።

ቅጂውን በተመለከተ ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን ይህን ፊልም ያየነው ከቪዲዮ ቤት በተከራየነው ካሴት፣ በትንሽ ቴሌቪዥን ነው። በካሴት ላይ ቀይ ቀለም ከመስመሩ ወጥቶ የመፍሰስ ጠባይ አለው፤ በዚህ ፊልም ውስጥ ደግሞ ቀይ ቀለም ሥራ የተሰጠው ቀለም ስለሆነ ጉዳቱ የዓይን ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ጥራቱ የተጠበቀ፣ ሰፊው ምስል ሳይቆረጥ የቀረበበት ቅጂ ይፈልጉ። ከላዩ ላይ የትርጉም ድምፅ የተነባበረበት ቅጂ ከሆነ ይተዉት፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ ከሆነ በጽሑፍ የሚወጣውን ንግግር ከፍተው ማንበብ ይበቃል። በፊልሙ ውስጥ ሰው የማይናገርባቸው ረጅም ቅጽበቶች አሉ፤ የጄምስ ኒውተን ሃዋርድ ሙዚቃም አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ብሎ ከሥር የሚሄድ ነው፤ በዚህ ላይ ሌላ ድምፅ ከተደረበበት ግማሹ ነገር ይጠፋል። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ አስቀድሞ ማውረድ ይሻላል። ርዝመቱ 107 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በአንድ መቀመጫ፣ ማታ፣ ስልክ ከሌላ ክፍል ተቀምጦ ሊታይ ይገባዋል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ምስጢሩን የሚያውቅ ተመልካች በመጀመሪያ የሚፈልገው ማታለያው ሐቀኛ መሆን አለመሆኑን ነው፤ ፍላጎቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሙሉውን ፊልም ስሕተት በማደን እንዳይጨርሱት እፈራለሁ፤ ሦስት ቦታዎችን መርጦ በጥንቃቄ ማየት በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

የመጀመሪያው የሳሎኑ ትዕይንት ነው። ኮል ከትምህርት ቤት ሲገባ እናቱ ሊንና ማልኮም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ስለ ልጁ ሲነጋገሩ ቆይተው እሱ ሲመጣ ዝም ያሉ ይመስላሉ። ሊን ተነሥታ ከልጇ ጋር ትጫወታለች፤ ሁለቱም በዕለቱ ያላደረጉትን ነገር እንዳደረጉት አድርገው ይተራረካሉ፤ ከዚያም እራት እስኪደርስ አንድ ሰዓት እንዳለው ነግራው ወደ ኩሽና ትሄዳለች። በመጀመሪያው እይታ ያ አንድ ሰዓት ከሐኪሙ ጋር የሚያሳልፈው ቀጠሮ ይመስለናል። በሁለተኛው እይታ ቃሉ አንድም ሳይለወጥ ሌላ ነገር ይሆናል። እዚህ ላይ ለእኛ የተለየ መፈተኛ አለ። ሐኪም የሚያህል እንግዳ ቤት ገብቶ ተቀምጦ ሳለ «ይጫወቱ» ያለው የለም፤ ቡና ቀርቶ ውኃ አልቀረበለትም፤ የቤቱ እመቤት ስትነሣ ዞር ብላ ይቅርታ እንኳን አልጠየቀችውም። በእኛ ቤት ይህ ቢሆን ወዲያውኑ አንድ ነገር እንደጎደለ ይታወቀን ነበር። ያኔ ግን «የፈረንጅ ወግ ይሆናል» ብለን አለፍነው፤ ዓይናችን ያየውን ነገር ራሳችን ምክንያት ሰጥተን ሰረዝነው። ኮል በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ስለ ሙታኑ ሲናገር፣ የሚያዩት ማየት የሚፈልጉትን ብቻ እንደሆነ ለማልኮም ይነግረዋል፤ ያ አባባል ለካ እኛንም ይመለከት ነበር።

ሁለተኛው የምግብ ቤቱ ትዕይንት ነው። ማልኮም በጋብቻቸው መታሰቢያ ቀን ዘግይቶ ደርሶ ከባለቤቱ ከአና ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ስለ ሥራው ይናገራል፤ እሷ ቀና ብላ አታየውም፤ ሒሳቡ ሲመጣ እጁን ሲዘረጋ ቀድማ ታነሣዋለች፤ ስለ በዓላቸው መልካም ምኞቷን በቀዘቀዘ ድምፅ ተናግራ ትሄዳለች። ወንበሩን ልብ ይበሉ፤ ማልኮም ሲቀመጥ አልጎተተውም። ያንን ካዩ በኋላ ግን ወንበሩን ትተው አናን ይመልከቱ። ባሏ በሞተ በዓመቱ አካባቢ፣ እንደ ልማዳቸው በመረጡት ቦታ፣ ብቻዋን ተቀምጣ የምትበላ ሴት ናት። ሙት ዓመት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ተመልካች ይህን ትዕይንት ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ እንደ ባልና ሚስት ኩርፊያ ሊያየው አይችልም። በኦሊቪያ ዊልያምስ ፊት ላይ ያለው ያው አንድ ስሜት መጀመሪያ ቂም፣ ኋላ ሐዘን ሆኖ መነበቡ የትወናውን ልክ የሚያሳይ ነው።

ሦስተኛው የምድር ቤቱ በር ሲሆን፣ እሱን በአጭሩ ልለፈው። ማልኮም በሩ እንቢ ሲለው ኪሱን ሲዳብስ ይታያል፤ በሩን የጋረደውን ጠረጴዛ የሚያሳዩን ኋላ ነው። ልብሱም በሞተበት ሌሊት ካየነው ልብስ አይወጣም፤ ኮቱ ይደረባል፣ ይወልቃል፣ አዲስ ነገር ግን አይታይም። እነዚህን ካረጋገጡ ፊልሙ በሐቅ እንደተጫወተ ይቀበሉና ጉዳዩን ይዝጉት።

ቀይ ቀለምን የሚከታተሉ ከሆነ የምድር ቤቱን በር እጀታ፣ በልደቱ ግብዣ ላይ በጠመዝማዛው ደረጃ መሐል ወደ ላይ የሚወጣውን ፊኛ፣ ኮል በመኝታ ቤቱ የሠራውን ድንኳን፣ በልጇ ለቅሶ ላይ ቀይ የለበሰችውን ሴት ያገኛሉ። ፎቶግራፉን የመራው ታክ ፉጂሞቶ የቀረውን ምስል በግራጫና በቡናማ ስለያዘው ቀዩ ጎልቶ ይወጣል። ለእኔ ይህ የፊልሙ ትልቁ ብልኃት አይደለም፤ አንዴ ከታወቀ በኋላ ዓይንን ከተዋናዮቹ ላይ ስለሚነጥቅ ብዙ ባይከተሉት እመርጣለሁ።

ከዚያ ይልቅ ማልኮምና ኮል መጀመሪያ የተነጋገሩበትን የቤተ ክርስቲያን ትዕይንት ጊዜ ሰጥተው ይዩት። ልጁ በመቀመጫዎቹ መሐል ተደብቆ በአሻንጉሊት ወታደሮች ይጫወታል፤ አንዱን ወታደር በላቲን ያናግረዋል፤ ማልኮም ቤቱ ሲደርስ ቃሉን መዝገበ ቃላት ገልጦ ይፈታዋል። ከጥልቅ ሆኖ ወደ እግዚአብሔር መጮህን የሚናገረው ይህ ቃል ዳዊት ለደገመ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በግእዙ ዳዊት አቆጣጠር 129ኛው መዝሙር ነው። ማልኮም በጥንት ዘመን በአውሮፓ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ገብተው ይማጸኑ እንደነበር ለልጁ ያወራለታል፤ የእኛም አገር ሰው መማጸኛ ለምን ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ያውቃል። አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከጨዋታ ቃላት ሁሉ ያንን ጥቅስ መምረጡ፣ ምስጢሩን ከማናቸውም ትዕይንት አስቀድሞ የነገረን እሱ ራሱ ነበር ያሰኛል።

አሁን ወደ ሊን እንዙር። ቶኒ ኮሌት የተጫወተችውን ይህችን እናት ለመከተል፣ እሷ ያለችባቸውን ትዕይንቶች በሙሉ እንደ አንድ ለብቻው የቆመ ፊልም አድርገው ይያዙ። ባሏ ትቷት ሄዷል፤ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ልጇ የሚደብቃት ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ፈርታ የምትኖረው ሙታንን ሳይሆን የልጇን ዝምታ ነው።

የኩሽናውን ትዕይንት ቀስ ብለው ይዩ። ጠዋት ነው፤ ኮል ቁርሱ ቀርቦለት ተቀምጧል። ሊን ለአፍታ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ካሜራው እሷን ተከትሎ ወጥቶ ሳይቆረጥ አብሯት ይመለሳል። ስትመለስ በኩሽናው ያለው መሳቢያና የቁም ሳጥን በር ሁሉ ተከፍቷል። ልጁ ከቦታው አልተነሣም፤ ሁለት መዳፎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። እጁን ሲያነሣ በጠረጴዛው ላይ የቀረው የላብ አሻራ ቀስ በቀስ እየተነነ ሲጠፋ እናያለን። በመጀመሪያው እይታ እኔ ያየሁት መሳቢያዎቹን ብቻ ነበር። አሁን ግን የሚይዘኝ ሊን የምታደርገው ነገር ነው፤ የምትፈልገው ነገር አለ ወይ ብላ እንደ ተራ ነገር ትጠይቀዋለች፤ እሱም ስለ እሱ ክፉ ነገር እያሰበች እንደሆነ ሲጠይቃት ምንም እንዳላሰበች ትመልስለታለች። ከዚያ አሻራ የበለጠ ፍርሃትን በቅርበት ያሳየ ምስል በዚያ ዘመን ፊልሞች ውስጥ ብዙ አላየሁም። ምንም ጭራቅ የለውም፤ የአንድ ልጅ ላብ ብቻ ነው።

ቀጥሎ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የኮል ፎቶግራፎች እያየች ስትሄድ ከእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ ተመሳሳይ የብርሃን ነጥብ መኖሩን የምታስተውልበትን ይዩ። ከዚያ የእራቱ ገበታ አለ። የሟች እናቷ የንብ ቅርጽ ያለው የአንገት ጌጥ ከቦታው እየተነሣ ልጇ ዘንድ ስለሚገኝ፣ እውነቱን እንዲነግራት ትለምነዋለች። እየጸለየች እንደሆነ፣ ነገር ግን አጸላለይዋ ልክ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ እርስ በርስ መነጋገር ካልቻሉ እንደማይዘልቁ ትነግረዋለች። ልጁ አልወሰድኩም ሲላት ተቆጥታ ከገበታው ታስነሣዋለች። ሄዶ ይመለሳል፤ በጣም ካልተቆጣች ዛሬ ከእሷ ጋር መተኛት ይችል እንደሆነ ይጠይቃታል። ልጅ ላሳደገ ሰው ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አይፈልግም።

የዚህ ሁሉ መቋጫ በመኪና ውስጥ ያለው ንግግር ነው። ከፊታቸው አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘግቷል፤ እናትና ልጅ ቆመው ይጠብቃሉ። ኮል አሁን ለመነጋገር ዝግጁ እንደሆነ ይነግራታል፤ ቀጥሎም አደጋው የገደላት ሴት ከመስኮቱ አጠገብ መቆሟን፣ ከዚያም አያቱ እንደምትመጣ፣ ጌጡን ስለምትወደው እንደምታነሣው ይነግራታል። ሊን ትቆጣለች፤ መፍራቷም ይታያል። ልጁ ግን ይቀጥላል። ሊን ትንሽ ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ተጣልታ የዳንስ ትርኢቷን ልታይላት እንዳልመጣች ታምን ነበር፤ እናቷ ግን መጥታ ከኋላ ተደብቃ አይታታለች። ሊን በእናቷ መቃብር ላይ ቆማ ለጠየቀችው ጥያቄ መልሱ «በየቀኑ» ነው ይላታል። ጥያቄው ምን እንደነበረ ኮል አያውቅም፤ እኛም አናውቅም። ሊን እንባ እየተናነቃት እናቷ በእሷ ትኮራ እንደሆነ መጠየቋን ትናገራለች። ካሜራው ከሁለቱ ፊት እምብዛም አይርቅም። ይህን ትዕይንት ሲያዩ የፊልሙ እውነተኛ ማብቂያ ይህ መሆኑን እንዲፈትሹ እጠይቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው የማልኮም ግልጠት፣ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን፣ ለእኔ ከዚህ ያነሰ ነው። ሞቶ ሳለ አላወቀም የተባለው ሰውና በሕይወት ሳለች ያልተነገራት ሴት ጎን ለጎን ሲታዩ፣ የከበደኝ የሁለተኛዋ ነው።

ዕድሜ የጎዳቸውንም ቦታዎች መመዝገብ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ግልጠት ያለፉትን ትዕይንቶች እየቆራረጠ አንድ በአንድ ያስረዳል፤ ቀለበቱ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ነገሩ ሁሉ ተገልጦ ሳለ ያን ያህል መድገም አያስፈልግም ነበር። የተመረዘችው ልጅ የኪራ ታሪክ ኮልን ከፍርሃት ወደ መስማት ስለሚያሻግረው አስፈላጊ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ቆንጣጮቹ አንድ በአንድ ሲለቅቁም ዛሬ ድረስ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ልጇን የምትመርዘው እናት ለምን እንዲያ እንደሆነች ፊልሙ አይነግረንም፤ መጥታ ታስደነግጣለች፣ ተጋልጣ ትጠፋለች። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መክፈቻው ነው። ማልኮምን የሚተኩሰው የቀድሞ ታካሚው ቪንሰንት፣ ድምፅ ይሰማው የነበረው ሙታን በእርግጥ ስለሚያናግሩት እንደነበረ ኋላ እንረዳለን። በታሪኩ ውስጥ ይህ ሐኪሙን ስላለመስማቱ የሚወቅስ ነው፤ ሆኖም የአእምሮ ሕመም ሁሉ ከመንፈስ ነው ተብሎ ታካሚው ከሕክምና በሚዘገይበት ማኅበረሰብ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህን ክፍል ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ጠበል የሚወስድ ወላጅም ልጁን ሐኪም ዘንድ ማድረስ እንደሚገባው፣ ፊልሙን አብረው ካዩ ሰዎች ጋር ቢነጋገሩበት ደግ ነው።

ከልጆች ጋር ለማየት ካሰቡ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር የተሰቀሉት ሰዎችና የኪራ ማስታወክ ለትናንሽ ልጆች ከባድ መሆናቸውን ይወቁ፤ አሜሪካ ውስጥም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ ያሳስባል። ፊልሙን ካላየ አዋቂ ጋር ሆኖ ማየት ግን ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ከጎኑ ይቀመጡ፤ ፊቱን አይመልከቱ፤ «አሁን አስተውል» አይበሉት። መኪናው ውስጥ ያለው ንግግር ሲደርስ ዝም ይበሉ።

ካበቃ በኋላ ቀድመው የጻፉትን ወረቀት ያውጡና በጀርባው አዲስ ይጻፉ፤ የትኛውን ትዕይንት በስሕተት ያስታውሱ ነበር፣ የትኛውን ጨርሶ ረስተውት ነበር፣ ማንን ሳያዩት ቀርተው ነበር። እኔ በጀርባው የጻፍኩት ከግማሽ በላይ ስለ ሊን ነው። ወረቀቱን ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት ያስፈልግዎታል።